ለራሱ የሚጽፈውን መዝገብ ለሌላ አንባቢ ማዘጋጀት፦ የፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝና ቅጽበታዊ የመረጃ ማመሳሰል

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ሎግን መሠረት ያደረገ ማመሳሰል በምንጭ ዳታቤዝ ላይ የሚደረጉ ለውጦችን የሚያገኘው ከሠንጠረዦቹ አይደለም። ዳታቤዙ ከሚጽፈው መዝገብ ነው፤ በፖስትግሬስኪውኤል ይህ መዝገብ የሚጻፈው ከብልሽት ለማገገም ነው። ይህ ጽሑፍ ፖስትግሬስኪውኤልን ዋና ማሳያ፣ ማይኤስኪውኤልን ማነጻጸሪያ አድርጎ የምንጩን ዝግጅት ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው የሚከተለው ነው፦ መዝገቡ የተፈጠረው ለዳታቤዙ ለራሱ በመሆኑ የውጭ አንባቢ ሲመጣበት የትርጉም፣ የማንነት፣ የመነሻና የቆይታ ክፍተቶች ይገለጣሉ፤ ዝግጅት ማለትም እነዚህን አራቱን አስቀድሞ መድፈን ነው።

1. ሠንጠረዡን ከመጠየቅ መዝገቡን ወደ ማንበብ

የተለመደው የማመሳሰል ዘዴ «ካለፈው ንባብ ወዲህ የተሻሻሉትን ረድፎች አምጣ» እያለ ሠንጠረዡን በየጊዜው መጠየቅ ነው። ለመጀመር ቀላል ቢሆንም ሦስት ነገሮች ያመልጡታል። የተሰረዘ ረድፍ በሠንጠረዡ ውስጥ ስለሌለ መሰረዙ አይታወቅም። በሁለት ንባቦች መካከል ደጋግሞ የተለወጠ ሒሳብ የመጨረሻ ዋጋው ብቻ ይታያል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፦ በፖስትግሬስኪውኤል የተለመደው የሰዓት ፈንክሽን የሚመልሰው ትራንዛክሽኑ የተጀመረበትን ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ ተጀምሮ ዘግይቶ ኮሚት የተደረገን ለውጥ አንባቢው ሰዓቱን አልፎት ስለሄደ ፈጽሞ ላያየው ይችላል። ምንም የስሕተት መልእክት ሳይወጣ መረጃ ይጎድላል።

መዝገቡ እነዚህ ጉድለቶች የሉበትም። ማንኛውም ለውጥ ወደ ዳታ ፋይሎቹ ከመድረሱ በፊት በመዝገብ መስፈር አለበት የሚለው መርሕ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲ. ሞሃንና ባልደረቦቻቸው ኤሪስ የተባለውን የማገገሚያ ስልት ባሳተሙበት ጥናት ሰፊ ማብራሪያ አግኝቷል። ፖስትግሬስኪውኤልም ይህን መዝገብ፣ ባለሙያዎች ዋል የሚሉትን፣ ከ2001ዱ 7.1 እትም ጀምሮ ይዟል። መጨመሩም፣ መሻሻሉም፣ መሰረዙም እዚያ አለ። ሆኖም መዝገቡን የሚጽፈው ሞተር ያሰበው ለራሱ ትንሣኤ እንጂ ለውጭ አንባቢ አይደለም፤ ችግሮቹ ሁሉ የሚመነጩትም ከዚህ ነው።

2. የትርጉም ክፍተት

ለማገገም ዳታቤዙ ማወቅ የሚያስፈልገው የትኛው ፋይል፣ የትኛው ገጽ ላይ፣ የትኞቹ ባይቶች እንደተለወጡ ነው። አንባቢው የሚፈልገው ግን «የዚህ ደንበኛ ሒሳብ ከዚህ ወደዚህ ተለወጠ» የሚል ትርጉም ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚፈታው ሎጂካል ዲኮዲንግ በ9.4 እትም እ.ኤ.አ. በ2014 መጣ፤ አብሮ የተሠራ ሎጂካል ሪፕሊኬሽን ደግሞ በ10ኛው እትም በ2017 ተከተለ።

ፍቺው እንዲሠራ የመዝገቡ ደረጃ፣ ማለትም ዋል ሌቭል፣ ከነባሪው «ሪፕሊካ» ወደ «ሎጂካል» ከፍ ማለት አለበት። ለውጡ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት ይጠይቃል። የሪፕሊኬሽን ስሎቶች (አንባቢው መዝገቡን እስከ የት እንዳነበበ የሚይዙ) እና የዋል ላኪዎች ብዛት ጣሪያም እንዲሁ በሥራ ላይ እያለ አይቀየርም፤ ሁለቱም በነባሪ 10 ናቸው። ስለዚህ ሦስቱን በአንድ የጥገና ሰዓት መጨረስ ይመረጣል።

በዚሁ ደረጃ ማን ምን እንደሚያነብ መወሰን አለበት። ለማመሳሰያው የሪፕሊኬሽን ፈቃድና የሚፈለጉትን ሠንጠረዦች ብቻ የማንበብ መብት ያለው የራሱ ተጠቃሚ ይከፈታል፤ የበላይ አስተዳዳሪውን መለያ ማዋስ አይገባም። ምን እንደሚላክ በሚገልጸው ፐብሊኬሽንም ሠንጠረዦቹ በስም ይዘረዘራሉ። ከ15ኛው እትም (2022) ጀምሮ የሚላኩትን ዓምዶችና ረድፎች መምረጥ ተችሏል። ለሪፖርት የማያስፈልግ የሰው ስልክ ቁጥር ከምንጩ መውጣት የለበትም። ይህ ለባለ መረጃው የሚገባ ክብር ነው።

3. የማንነት ክፍተት

ዳታቤዙ ረድፍን የሚያውቀው በዲስክ ላይ ባለው ቦታው ነው። መድረሻው ያን ቦታ ስለማያውቅ «ይህን ረድፍ ሰርዝ» ሲባል የትኛውን እንደሆነ የሚለይበት ቁልፍ ይሻል። ሪፕሊካ አይደንቲቲ የተባለው ቅንብር ይህን ይወስናል፤ በነባሪ የሚጠቀመውም ፕራይመሪ ኪውን ነው።

ፕራይመሪ ኪ የሌለው ሠንጠረዥ ማሻሻያና ስረዛ በሚያስተላልፍ ፐብሊኬሽን ውስጥ ሌላ መለያ ሳይሰጠው ከገባ፣ የማሻሻያና የስረዛ ትእዛዞች ምንጩ ላይ ራሳቸው ስሕተት እየሰጡ ይወድቃሉ። ጉዳቱ በቅጂው ሳይወሰን ደንበኛ እያስተናገደ ያለውን አፕሊኬሽን ይመታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፕራይመሪ ኪ የሌላቸውን ሠንጠረዦች ለይቶ ማውጣት ነው። ከተቻለ ቁልፍ ይጨመርላቸዋል፤ ካልተቻለ ባዶ ዋጋ በማይቀበሉ ዓምዶች ላይ የተሠራ ዩኒክ ኢንዴክስ ይሰየማል። «ፉል» የሚለው ምርጫ የቀድሞውን ረድፍ በሙሉ ስለሚመዘግብ መዝገቡን ያሳብጣል፤ መድረሻው ላይም ረድፍ ፍለጋውን ሊያዘገይ ይችላል። የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ቢቆይ ይሻላል።

በአማርኛ ጽሑፍ ለሚሠሩ ሥርዓቶች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ፖስትግሬስኪውኤል ከ2 ኪሎባይት ገደማ የሚበልጥን ረድፍ ረጃጅም ዋጋዎች ይጨምቃል፤ አሁንም ካልበቃ ቶስት ወደተባለ የጎን ማከማቻ ያወጣቸዋል። ረድፉ ሲሻሻል ያልተነካ የቶስት ዋጋ ከአዲሱ ረድፍ ጋር አይላክም፤ የሚደርሰው «አልተለወጠም» የሚል ምልክት ብቻ ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ከጭመቃ በፊት 700 ያህል ፊደል ያለው የአቤቱታ ወይም የሕክምና ማስታወሻ ያን ወሰን ያልፋል። ምልክቱን እንደ ባዶ ዋጋ የሚቆጥር አንባቢ ማስታወሻውን ከቅጂው ላይ ያጠፋዋል። አንባቢው ምልክቱን ለይቶ ነባሩን ዋጋ እንዲጠብቅ ከወዲሁ መፈተሽ አለበት።

4. የመነሻ ክፍተት

መዝገቡ ከሥራው መጀመሪያ አንሥቶ የተከማቸ ታሪክ አይደለም፤ የቆየው ክፍል ይወገዳል። ስለዚህ አንባቢው ነባሩን መረጃ በስናፕሾት፣ ቀጣዩን ለውጥ ከመዝገቡ ይወስዳል። አደጋው በሁለቱ መገጣጠሚያ ላይ ነው፦ ቅጂው ቀድሞ ስሎቱ ኋላ ከተፈጠረ በመካከል የተደረገ ለውጥ ይጠፋል። ፖስትግሬስኪውኤል ስሎት ሲፈጠር ከዚያው የመዝገብ ነጥብ ጋር የሚገጥም ስናፕሾት ማውጣት ያስችላል፤ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግን የአዘጋጁ ኃላፊነት ነው። ከብልሽት በኋላ አንድ ለውጥ ዳግመኛ ሊደርስ ስለሚችልም መድረሻው ተመሳሳዩን ለውጥ ሁለት ጊዜ ቢቀበል ውጤቱ እንዳይዛባ ሆኖ መሠራት አለበት።

5. የቆይታ ክፍተት

ትልቁ ውሳኔ እዚህ ነው። ዳታቤዙ ለራሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቼክፖይንት ካለፈ በኋላ የማያስፈልገውን መዝገብ ያስወግድ ነበር። ስሎት ሲኖር ግን አንባቢው «ደርሶኛል» እስኪል ያቆየዋል። አንባቢው ከተቋረጠ መዝገቡ በ16 ሜጋባይት ቁራጮች እየተከመረ ዲስኩን ይሞላል፤ ዲስኩ ሲሞላም ዋናው ዳታቤዝ ይቆማል። ስሎቱ የሲስተም ካታሎግ ሠንጠረዦች በቫክዩም እንዳይጸዱም ይይዛል።

ማይኤስኪውኤል ተቃራኒውን መንገድ ይከተላል። በ8.0 እትም ለውጦች የሚሰፍሩበት ባይነሪ ሎግ የነባሪ ዕድሜው 2592000 ሰከንድ፣ ማለትም 30 ቀን ነው፤ የውጭ አንባቢው አነበበውም አላነበበውም ቀኑ ሲደርስ ይወገዳል። በአንደኛው የአንባቢው መዘግየት ምንጩን ያስከፍላል፤ በሌላው አንባቢው ራሱ ይከፍላል። ከ13ኛው እትም (2020) ጀምሮ ፖስትግሬስኪውኤልም አንድ ስሎት ሊያቆይ ለሚችለው መዝገብ ጣሪያ ማበጀት ያስችላል። በነባሪ ጣሪያ የለውም። ጣሪያው ሲጣስ ስሎቱ ይሰናከላል፤ ማመሳሰሉም ከስናፕሾት እንደገና ይጀመራል።

ጣሪያው በግምት መቀመጥ የለበትም። በሥራ በሚበዛበት ሰዓት የመዝገቡ እድገት ይለካል። በሰዓት 2 ጊጋባይት የሚያመነጭ ዳታቤዝ አንባቢው ለ24 ሰዓት ቢጠፋ 48 ጊጋባይት ይሻል። የመብራትና የኔትወርክ መቆራረጥ በሚያጋጥምበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር፣ የሚታሰበው የመቋረጥ ጊዜ ከአምራቹ መመሪያ ሳይሆን ከቦታው ልምድ መወሰድ አለበት።

ሁለት ጉዳዮች ይቀራሉ። መዝገቡ የሰርቨሩ ዳታቤዞች ሁሉ የጋራ ሲሆን ስሎቱ የአንዱ ብቻ ነው፤ ጸጥ ባለ ዳታቤዝ ላይ ያለ ስሎት ጎረቤቱ በሚያመነጨው መዝገብ ሊጨናነቅ ይችላል። መፍትሔው በየጊዜው የምትሻሻል ትንሽ የሕይወት ምልክት ሠንጠረዥ ማኖር ነው። ሌላው የተጠባባቂ ሰርቨር ነገር ነው፦ ሎጂካል ስሎትን ከተጠባባቂው ጋር የማመሳሰል አቅም በዋናው ምርት የተካተተው በ17ኛው እትም በ2024 ነው፤ በቀደሙት እትሞች ሰርቨር ሲቀየር ስሎቱ አብሮ አይሻገርም።

6. ማጠቃለያ

ከአራቱ ክፍተቶች ውጭ፣ የሠንጠረዥ ቅርጽ ለውጥም በሎጂካል ሪፕሊኬሽን አይተላለፍም፤ ስለዚህ አዲስ ዓምድ በቅድሚያ መድረሻው ላይ ይጨመራል፣ የሚወገድ ዓምድ ግን መጀመሪያ ከምንጩ ይወጣል። ይህ በቡድኖች ስምምነት የሚጸና እንጂ በቅንብር የሚፈታ አይደለም።

ከላይ የታየው ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ አንባቢው ሲዘገይ ወጪውን የሚሸከመው ማነው? ምንጩ ከሆነ የዲስኩ ልክና የማስጠንቀቂያው ደረጃ ተጽፎ ይቀመጥ፤ አንባቢው ከሆነ ስናፕሾቱን እንደገና ለመጀመር የሚፈጀው ሰዓት አስቀድሞ ይለካ። ከዚያም በሙከራ ሰርቨር ላይ አንባቢውን ሆን ብሎ አቁሞ፣ መዝገቡ ሲከመር፣ ማስጠንቀቂያው ሲደርስና ማመሳሰሉ ሲያገግም በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ይህን ፈተና ያላለፈ ምንጭ ቅንብሩ ሁሉ ትክክል ቢሆንም ገና አልተዘጋጀም።