ጨረር ያዘለ መድኃኒትና ጤነኛው አካል

ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ፣ ፒያሳን አቋርጦ፣ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይደርሳል። በአገራችን የካንሰር የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው በዚሁ ሆስፒታል፣ በኮባልት መሣሪያ ነበር። የኮባልት ጨረር ከውጭ ስለሚላክ አቅጣጫውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ጨረር ያዘለ መድኃኒት ግን በደም ውስጥ ስለሚዘዋወር መድረሻውን የሚወስነው የሕመምተኛው አካል ነው። ስለዚህም የዚህ መድኃኒት ታሪክ ጤነኛውን አካል የማወቅ ታሪክ ጭምር ነው።

መነሻው አዮዲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ሳውል ኸርትስ በቦስተን ከመጠን በላይ ለሚሠራ የእንቅርት ዕጢ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሰጠ። በ1946 ደግሞ ሳሙኤል ሳይድሊንና ባልደረቦቹ ከዚሁ ዕጢ ተነሥቶ የተዛመተ ካንሰር በዚሁ መንገድ መታከሙን አሳተሙ። እንቅርት የደጋው ሕዝባችን የቆየ ሕመም በመሆኑ ምክንያቱን ለመረዳት አንቸገርም፤ አዮዲን የተራበ ዕጢ ያገኘውን ሁሉ ይሻማል። ሆኖም አዮዲን የሚገባበት በር በምራቅ ዕጢና በጨጓራም ይገኛል። ስለዚህ ከካንሰሩ ድነው የአፍ ድርቀት ይዘው የቀሩ ሕሙማን አሉ።

ሁለተኛው ትምህርት ከኩላሊት መጣ። ካንሰርን ፈልገው የሚይዙ አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች በኩላሊት ይጣራሉ፤ ኩላሊትም እንደ ጠቃሚ ነገር ቆጥሮ መልሶ ይስባቸዋል፤ ጨረሩም እዚያው ይቀራል። ኢትሪየም 90 ከወሰዱ ሕሙማን አንዳንዶቹ ዘግይቶ ኩላሊታቸው ደከመ። መፍትሔው ላይሲንና አርጂኒን የተባሉትን አሚኖ አሲዶች አብሮ መስጠት ሆነ፤ ኩላሊት በእነርሱ ሲጠመድ ብዙው መድኃኒት በሽንት ይወጣል። ሉቴሲየም 177 የያዘው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሲፈቀድ ይህ ጥበቃ አልተለየውም።

በ2022 ለፕሮስቴት ካንሰር የተፈቀደው ሌላው የሉቴሲየም መድኃኒት የምራቅ ዕጢን ጉዳይ እንደገና አነሣ። ይበልጥ ብርቱ የሆነው አክቲኒየም 225 በተሞከረ ጊዜም በአፍ ድርቀት ምክንያት ሕክምናውን ያቋረጡ ነበሩ።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ «ዒላማውን የሚያውቅ መድኃኒት» የሚለው ስያሜ እንዳያዘናጋን። ካንሰሩ ላይ የደረሰውን መጠን ስንጠይቅ የቀረው ወዴት እንደ ሄደ አብረን እንጠይቅ። ታክሞ ዳገቱን ወደ ፒያሳ የሚመለስ ሰው ከማዕድ ቀርቦ እንጀራውን መዋጥ ካቃተው፣ ሥራችን ገና አላለቀም።