ከላይ የሚወርደው መጋረጃ፦ የኮርኒያ ደም ሥርና የዋግ ኽምራ ትራኮማ

ኮርኒያ የሚባለው ጥርት ያለው የዓይን ፊተኛ ክፍል ደም ሥር የሌለው በመሆኑ ብርሃን ሳይደናቀፍ ያልፍበታል፤ ኦክስጅንና ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘውም ከእንባ፣ ከአየርና ከዓይን ውስጥ ፈሳሽ ነው። ጥራቱ ተጠብቆ የሚቆየው ደም ሥር እንዲያድግ የሚቀሰቅሰውን ፕሮቲን ኮርኒያው ራሱ ይዞ ስለሚያስቀር መሆኑን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። የቆየ ሕመም ወይም የማያቋርጥ ፍትጊያ ይህን መከላከያ ሲያሸንፈው፣ ቀጫጭን ደም ሥሮች ከዓይን ነጭ ጠርዝ ተነሥተው ወደ ጥርቱ ክፍል ይዘልቃሉ።

በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ፣ በሰቆጣ ከተማ አካባቢ ይህን ጉዳይ ትራኮማ ከተባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ ነጥሎ ማየት አይቻልም፤ ትራኮማ የሚያስከትላቸው ደም ሥሮች ከላይኛው ቆብ ሥር እንደ መጋረጃ ስለሚወርዱ ሐኪሞች ፓነስ ይሏቸዋል፤ ትርጉሙም በላቲን ጨርቅ ማለት ነው። የመካከለኛው ዘመን የዓረብ ሐኪሞች ሰበል ብለው የሰየሙትን ይህን ሕመም ያክሙ የነበረው ደም ሥሮቹን በትንንሽ መንጠቆ አንሥተው በመቁረጥ ሲሆን፣ ፍሪድሪኽ ዬገር የተባለው የቪየና ሐኪም ደግሞ በ1812 እ.ኤ.አ. የጨብጥ መግል ሆነ ብሎ ዓይን ውስጥ እስከ መጨመር ደርሷል። ሁለቱም የታገሉት ደም ሥሩን እንጂ ደም ሥሩን የጠራውን ምክንያት አልነበረም፤ የበሽታው ተሕዋስ ምልክት በአጉሊ መነጽር የታየውም በ1907 እ.ኤ.አ. በጃቫ ደሴት ነው።

በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ሕመሙ በልጅነት እየተደጋገመ ቆቡን ከውስጥ ሲያጠባስሰው፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ በእያንዳንዱ ጥቅሻ ኮርኒያውን ይፍቃል። ብዙ እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ቢታገሡም መልሶ ይበቅላል፤ ስለዚህ የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ቆቡን አደንዝዘው ይሰነጥቁትና ጠርዙን ወደ ውጭ አዙረው ይሰፉታል። ለኢንፌክሽኑ ደግሞ አዚትሮማይሲን በየመንደሩ በነጻ ይታደላል፤ የሕፃኑ መጠን የሚወሰነው በሚዛን ሳይሆን ምልክት ባለበት የቁመት መለኪያ በትር ነው።

ከ2015 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በሰቆጣ ዙሪያ፣ በጋዝጊብላና በደሃና ወረዳዎች በ40 የገጠር ማኅበረሰቦች የተደረገው ሙከራ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ ይገባዋል። ለግማሾቹ የውኃ ምንጭ፣ ሳሙና፣ የመጸዳጃ ቤትና የፊት መታጠብ ትምህርት ቢቀርብም፣ በ3 ዓመት ውስጥ በሕፃናቱ ዓይን የሚገኘው ተሕዋስ ከሌሎቹ መንደሮች አልቀነሰም። ውጤቱ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ በሐቅ ተመዝግቦ መታተሙ ለዋግ ሕዝብም ለሳይንሱም የተከፈለ ውለታ ነው፤ ንጹሕ ውኃ ደግሞ ከትራኮማ ውጭም ለሰው የሚገባ ነገር ነው።

ኮርኒያው ፈጽሞ ከነጣ የሚቀረው ተስፋ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ሲሆን፣ ለዚህም የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተቋቁሟል፤ ይሁን እንጂ ደም ሥር የሞላው ዓይን የተተከለለትን ኮርኒያ የመግፋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሕመሙ በጊዜ የታከመለት ሰው ግን ደም ሥሮቹ ደማቸው ይነጥፍና፣ በሐኪሙ አጉሊ መነጽር ሥር ብቻ የሚታዩ ባዶ ክሮች ሆነው ይቀራሉ።