ቁም ሳጥን፣ በልክ የሚሠራ

በልክ የሚሠራ ቁም ሳጥን ለአንድ ክፍል ተለክቶ የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜም ከግድግዳው ጋር የሚታሰር የልብስና የዕቃ ማስቀመጫ ነው። በአዲስ አበባ የጭቃ ቤቶች ልብስ በሳጥንና በሻንጣ ይቀመጥ፣ በግድግዳ ምስማርም ይንጠለጠል ነበር። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ቤቱን የውስጥ ማጠናቀቂያው ሳይሟላ ያስረክብ ስለነበር፣ ወለሉም ማስቀመጫውም የባለቤቱ ሥራ ሆነ። በመርሐ ግብሩ ስቱዲዮ የሚባለው ቤት እስከ 20 ካሬ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ቁም ሳጥኑን እስከ ጣሪያ ማድረስ ከጌጥ ይልቅ የቦታ ጉዳይ ነው።

የተለመደው ማቴሪያል 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ የሚባል የተጨመቀ እንጨት ሉህ ነው። የሉሁ መጠን አብዛኛውን ጊዜ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ክፍፍሉ ከዚህ ልክ ሲነሣ ቁርጥራጭ ይቀንሳል። ለመስቀያ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያስፈልጋል፤ ለመጽሐፍ መደርደሪያ 30 ይበቃል። ሁለቱም ማቴሪያሎች ውኃ ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ወለሉ በውኃ በሚታጠብበት ቤት ከታች ከፍ ያለ መቆሚያና የታሸገ ጠርዝ የግድ ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ የብሎኬት ግድግዳ ምስማርን አጥብቆ ስለማይይዝ፣ ክብደቱ በወለሉ ላይ ያርፋል፤ ግድግዳው ሳጥኑን ከመውደቅ ብቻ ይጠብቃል። ዞኮሎ (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ካለ የጎኑ ጣውላ በልኩ ይቆረጣል፤ እርጥበት ከሚያስገባ የውጭ ግድግዳ ጋር ሲሆን ከጀርባው የአየር ክፍተት ይተዋል።