ጀልባ በትከሻ

ፈረንጅ አገር በጋ ሲገባ አባወራው ሥራ ይበዛበታል። ከመኪናው ኋላ አልጋና ምድጃ ያለው ተሳቢ ቤት ይቀጥላል፤ ልጆቹን ይጭናል፤ ወደ ሐይቅ ይነዳል። አንድ ጣጣ ግን አለ፦ ጀልባዋ የት ትሁን? ተሳቢ ቤት የሚጎትት መኪና ሌላ ተሳቢ ልጨምር ቢል መንገዱም ሕጉም ያስቸግሩታል። ስለዚህ ሰውየው ብረት ይቆርጣል፣ ይበይዳል፣ ከአሮጌ ጎማ ጋር ያጋጥማል። ጀልባዋን ወደ ላይ አንስቶ የሚይዝ መሸከሚያ በገዛ እጁ ይሠራል።

እኛስ? «ዓዲ ሓቂ ተቀምጣችሁ ስለ ጀልባ ምን አገባችሁ?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ መቀሌ ባሕርም ሐይቅም የላትም። ሆኖም በማይጨው መንገድ ወደ ደቡብ ለወረደ ሰው ሐሸንገ ሐይቅ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። የአገራችን ሚኒባስ ደግሞ ፖርቶ መጋላው ላይ ፍየል፣ ፍራሽና ሶፋ ጭኖ ሲሄድ እያየን ነው ያደግነው። ጀልባ ቢጫንበት ምን ይገርማል?

እናም አንድ ጥያቄ ያዝን፦ በዚህ አገር ጀልባ በየብስ የተጓዘው እንዴት ነው? ማንስ ተሸከመው? መልሱን ስንፈልግ የመቶ ዓመት ታሪክ አገኘን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከጣና እንጀምር። የጣና ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ነው። በመሥራቱ ከድሮ ጀምሮ ስማቸው የሚነሳው ወይጦዎች ናቸው። ታንኳ ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ይከብዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ከጉዞ ሲመለስ ከሐይቁ አውጥቶ ያደርቀዋል። ዕድሜው አጭር ነው፤ ሲያልቅ ሌላ ይታሰራል። ደካማ ነገር ይመስላል አይደል? ግን አስተውሉ፦ ይህን ጀልባ የሠራው ሰው ከመጀመሪያውም በውኃ ላይ የሚሄድበትን ብቻ ሳይሆን ከውኃ የሚወጣበትንም አስቦ ነው የሠራው። ለማንሳት ዝሆን አይፈልግም፤ ሰው ይበቃዋል።

አፄ ቴዎድሮስም ከዚሁ ደንገል ተነሱ። በ1866 ጣና ዳር ሳሉ ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው እንደ እንፋሎት መርከብ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር እንዳስገጠሙላቸው፣ እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። የእንፋሎት ሞተር የለም፣ ፋብሪካ የለም፤ ሐሳቡ ግን አለ። ዛሬ በየጋራዡ «ይሄን ከዚያ ጋር ብናጋጥመውስ?» ከሚለው ልጅ ሐሳብ ምን ይለየዋል?

የቴዎድሮስ ትልቁ የሸክም ፈተና ግን ከጣና በኋላ መጣ። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። በ1867 መገባደጃ ከደብረ ታቦር ተነስቶ መቅደላ የደረሰው በ1868 መጋቢት ነው። ተሸከርካሪው ላይ ተቀምጦ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ ጎተቱት። መንገድ ስላልነበረ መንገዱም አብሮ ይሠራ ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ። ዳገቱ ከባድ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ይብሳል። ቁልቁለት ላይ ሰው ከፊት አይጎትትም፣ ከኋላ ይይዛል እንጂ። ገመዱ ካመለጠ መድፉ የሚወርደው በሰው ላይ ነውና።

በነዚያው ወራት ሌላ ሸክም በእኛ ሰፈር አቅራቢያ ያልፍ ነበር። ጄኔራል ናፒየር ዙላ ወደብ ላይ ወርዶ በአዲግራትና በሕንጣሎ አድርጎ፣ ሐሸንገን አልፎ ወደ መቅደላ ሄደ። ከባድ መድፎቹን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ በመርከብ አስመጥቷል። ትንንሾቹን የተራራ መድፎች ደግሞ በየክፍላቸው ፈትቶ በበቅሎ ጫናቸው። ልዩነቱን አያችሁት? አንዱ ሙሉውን ጎተተ፣ ሌላው ፈትቶ ተሸከመ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። አውርዶ የወሰደው አልተገኘም!

አሁን ወደ ጀልባው እንመለስ። በ1896 እና በ1897 ፈረንሳዮች ናይል ወንዝ ላይ ፋሾዳን ለመያዝ በሁለት አቅጣጫ ሰው ላኩ። ከኢትዮጵያ በኩል የሄደው የማርኪስ ደ ቦንሻም ቡድን ምግብ አልቆበት፣ በሽታ ገብቶበት፣ ወንዙን የሚሻገርበት ጀልባም አጥቶ ሳይደርስ ተመለሰ። በሰኔ 1898 ደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦራቸውን ይዘው ነጭ ናይል ድረስ ዘለቁ። እዚያም ጀልባ የለም። በወንዙ ውስጥ ወዳለው ደሴት ባንዲራ ለመውሰድ ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖፍ ከኮሳክ ወታደሮቹ ጋር መዋኘት ግድ ሆነባቸው። የተሰማ ጦር በበሽታ ምክንያት ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ።

ከምዕራብ የመጣው የማርሻን ቡድን ፋሾዳ የገባው ከዚያ ከ18 ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1898 ነበር። ማርሻን ጀልባ ነበረው፤ ያውም ፌዴርብ የምትባል የእንፋሎት ጀልባ። ከኮንጎ ወንዝ ገባሮች ወደ ናይል ገባሮች የሚያደርሳት ውኃ ስላልነበረ ተፈታታ ብረቷ በሰው ትከሻ ተጫነ፤ ትልቁን የእንፋሎት ጋኗን በግንድ ላይ እያንከባለሉ በጫካ አሳለፉት። የሚገርመው መጨረሻዋ ነው። እንግሊዞች ፋሾዳን ልቀቁ ሲሉ ማርሻን በሶባትና በባሮ አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ ወጣ። ውኃው ሲያልቅበት ፌዴርብን ባሮ ላይ ትቷት፣ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በ1899 ወደ ጅቡቲ ሄደ። ግማሽ አፍሪካን በሰው ትከሻ ያቋረጠች ጀልባ እኛ አገር ቀረች!

ከ4 ዓመት በኋላ ሌላ ሞካሪ መጣ። አሜሪካዊው ሀብታም ዊሊያም ማክሚላን በ1903 ዓባይን በጀልባ ወርጄ ሱዳን እገባለሁ አለ። በልዩ ትእዛዝ የተሠሩ 3 የብረት ጀልባዎች በከብት ጀርባ ተጭነው እስከ ዓባይ ሸለቆ ወረዱ። ኖርዌያዊው ባልደረባው የሰን ሊቀበለው ከሱዳን በኩል ተነሳ። ጀልባዎቹ ግን ብዙም ሳይሄዱ ዓለት እየመታቸው ተሰባበሩ። ስንት ቀን በየብስ ተሸክመዋቸው፣ በውኃው ላይ ስንት ሰዓት ቆዩ?

ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ግን ጀልባውን ተወው። የዓባይን መንገድ በእግሩና በበቅሎ ተከታትሎ ካርታውን አሻሻለ። በ1968 በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ወታደሮች ጉዞ ሸለቆውን ሲወርድ የያዘው በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ነበር። ታጥፎ ይጫናል፣ ይነፋል፣ ድንጋይ ሲመታው ይነጥራል። ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አልሆነም፤ አንድ ባልደረባቸው ሰምጦ ሞቷል። በሐሳቡ ግን የጎማው ጀልባ ለማክሚላን ብረት ሳይሆን ለደንገሉ ታንኳ ይቀርባል። ቀላል፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ሰው የሚያነሳው!

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? ለጋራዥ ወዳጆቻችን ሦስት ነገር፦ የምትሸከመውን አቅልል፤ ማቅለል ካልቻልክ ፍታው፤ ስትጭነው ደግሞ ዳገቱን ብቻ ሳይሆን ቁልቁለቱን አስብ። አላማጣ መውረጃን የሚያውቅ ሾፌር ይህን ከእኛ ሳይሰማ ያውቀዋል።

እኛን ይበልጥ ያስጨነቀን ግን ሌላ ነው። የማርሻን ስም አለ፤ የማክሚላን ስም አለ፤ የጀልባዋም ስም አለ። ጀልባዋን የተሸከሙት ሰዎች ስምስ? በመጽሐፎቹ ውስጥ «ተሸካሚዎች» ተብለው ነው የሚያልፉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ታሪካችን ላይ ግን ሃምሳው ተሸክሞ ጌጡን የወሰደው አንዱ ነው።

ይህ የድሮ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ነዳጅ ሲጠፋ በትግራይ በሽተኛ በጋሪና በቃሬዛ ተወስዷል። ቃሬዛ ምንድን ነው? ሁለት እንጨት፣ ጨርቅና አራት ትከሻ። አገር ቤት ከተሠሩ መሸከሚያዎች ሁሉ የበለጠ ሰው ያዳነው እሱ ሳይሆን አይቀርም። የጀልባ ተሸካሚዎች ስም በመቶ ዓመት ውስጥ ጠፋ ብለን እንቆጫለን፤ የቃሬዛ ተሸካሚዎች ግን ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስማቸውን መጠየቅ፣ መመዝገብ ይቻላል።

ስለዚህ ብየዳ የምትችሉ የሰፈራችን ልጆች፣ ቱቦላሬና አሮጌ ጎማ አገጣጥማችሁ ጀልባ የሚሸከም ነገር ከሠራችሁ እኛ ሐሸንገ ድረስ አብረን ለመሄድ ዝግጁ ነን። ፎቶ እናነሳለን፣ እንጽፋለን። ከሥሩም የበየደውን፣ የጎተተውን፣ ቁልቁለት ላይ ገመድ የያዘውን ስም አንድ በአንድ እናሰፍራለን።

ቸር ሰንብቱ!