ከወስፌ ቀዳዳ እስከ ኮምፒዩተር ንብርብር

የድሮ ብራና መጽሐፍ ገልጦ ጽሑፉን ትቶ ዳር ዳሩን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አንድ ቀን ይሞክሩት። በኅዳጉ ላይ ቁልቁል የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያገኛሉ። ቁም ጸሐፊው ቆዳውን ወጥሮ፣ ፍቆና አለስልሶ ካበቃ በኋላ መጀመሪያ የሚያነሣው ብርዕ አይደለም፤ ወስፌ ነው። በወስፌው ወግቶ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም የሌለው መስመር ይጭራል፤ ፊደሉ የሚሰለፈው ያን ተከትሎ ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ ታዲያ መስመሩንም ሆነ ቀዳዳውን ላጥፋ የሚል የለም። መጽሐፉ እንዴት እንደተሠራ ራሱ ይመሰክራል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ደብረ ብርሃንን መናገሻቸው አድርገው በተቀመጡበት ዘመን፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ማዘዛቸው ይታወቃል። ትእዛዙ የሚፈጸመው ግን በወስፌና በብርዕ ነበር። ስለ ንጉሡ ብዙ ተጽፏል፤ ወስፌውን ያስታወሰው ጥቂት ነው።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሩቅ አይደለም። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው። እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሥዕል አሸነፋቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ካሳዩ በኋላ ወደ አውሮፓ ተመልሰው ሁለት ነገር አጠኑ፤ አንደኛው የመስታወት ሥዕል አሠራር ሲሆን ሁለተኛው በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን የሚገኙት የኢትዮጵያ ብራናዎች ናቸው። (የአንኮበር ልጅ ያገሩን ብራና ለማየት ቫቲካን ድረስ መሄዱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።) በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የአህጉሪቱን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በ150 ካሬ ሜትር መስታወት ላይ አሳዩ። የመስታወት ሥዕል መጋጠሚያውን አይደብቅም፤ ቁርጥራጩ ከቁርጥራጭ ጋር የተያያዘበት መስመር የሥዕሉ አካል ነው።

ዛሬ ወጣቶቻችን በኮምፒዩተር ሲሥሉ ነገሩ ተገልብጧል። ፎቶሾፕ ሥዕልን በንብርብር ያስቀምጣል፤ ንድፉ ለብቻ፣ ቀለሙ ለብቻ፣ ጥላው ለብቻ። ሥራው ሲያልቅ ግን ሁሉም ተዋህዶ አንድ ልሙጥ ምስል ይሆናል። አንድ ወዳጄ የሠራልኝን የመጽሐፍ ሽፋን ከዓመት በኋላ ትንሽ ላሻሽል ብዬ ብጠይቀው፣ «ንብርብሩን አዋህጄዋለሁ፤ ከእንግዲህ አይፈታም» አለኝ። ንድፉ የት ደረሰ? የትም። የአምስት መቶ ዓመት ብራና የወስፌ ቀዳዳውን ሲያቆይ፣ የእኛ ረቂቅ ዓመት አልሞላውም። ወዳጄን አልወቅሰውም፤ እኔም የተሰረዘ ደብተር ያስነውራል እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በሰባተኛ ዓመቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደደችው ጁሊ ምሕረቱ የያዘችው መንገድ ሌላ ነው። የሕንፃ ንድፎችን በሸራ ላይ ትሥልና በላዩ ብርሃን አስተላላፊ አክሪሊክ ታፈሳለች፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰውና እንደገና በላዩ ትሥላለች። የታችኛው ሥራ ከላይኛው ሥር ሆኖ ይታያል። በኋላ በኋላ ደግሞ የዜና ፎቶግራፎችን በኮምፒዩተር እያደበዘዘች የሥዕሏ መነሻ አድርጋቸዋለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የሠራችው «ሞጋማ» አራት ትልልቅ ሸራዎች ያሉት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ካይሮ ታሕሪር አደባባይ ላይ ካለው የቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሕንፃ ነው። ጠጋ ብሎ ላየው፣ ከድርብርቡ መስመሮች መካከል የአዲስ አበባው መስቀል አደባባይም አለ።