«ራጃ»፦ ባሕር የተሻገረ ማዕረግ

ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት አጭር ቃል ነው፤ «ራጃ»። በሳንስክሪት «ራጃን» ንጉሥ ማለት ሲሆን፣ ከላቲኑ «ሬክስ» ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ነው። አንዳንድ ተማሪዎቼ «ራስ» ከሚለው ማዕረጋችን ጋር ሊያዛምዱት ይሞክራሉ። የድምፅ መመሳሰል ግን ዝምድና አይደለም፤ የእኛው «ራስ» «ርእስ» ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር የሚወለድ ሴማዊ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ቃሉ ባሕር ከተሻገረ በኋላ የሆነው ነው። በነጋዴዎችና በብራህማን ካህናት አማካይነት ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ገብቶ በማላይ ቋንቋ ሥር ሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1521 ማጄላንን በሴቡ የተቀበለው ሁማቦን «ራጃ» ይባል ነበር፤ በዚያው ዓመትም ክርስትና ተነሣ። አብዛኞቹ የማላይ ነገሥታት እስልምናን ሲቀበሉ «ሱልጣን» ተባሉ፤ የፐርሊስ ገዥ ግን ሙስሊም ሆኖ ሳለ ዛሬም «ራጃ» ነው። ከ1841 እስከ 1946 ሳራዋክን የገዙት እንግሊዛውያን ብሩኮች እንኳ ይህንኑ ስም ተሸክመዋል። ስለዚህ ማዕረጉን «የሂንዱ» ብሎ መመደብ መነሻውን እንጂ ታሪኩን አይገልጽም ባይ ነኝ።

በትውልድ አገሩ በሕንድ ግን በ1971 የጸደቀው 26ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለመሳፍንቱ ይሰጥ የነበረውን ዕውቅናና አበል ሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ማሃራጃው በሕግ ፊት ተራ ዜጋ ነው።