ወረርሽኝ የበተነው ጉባኤ

ሕግ ከመጽሐፍ ይነበባል፤ ጥብቅና ግን ከሰው ይወረሳል። ድንጋጌውን በቃሉ የያዘ ወጣት ሁሉ ጠበቃ አይባልም። በዳኛ ፊት መቼ መናገር መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ፣ የሚያመነታ ምስክር በምን ጥያቄ እንደሚያዝ፣ የተረታ ባለጉዳይ በምን ቃል እንደሚጽናና የሚያውቀው ከነባሮቹ አጠገብ ውሎ ነው። ወረርሽኝ ደግሞ አስቀድሞ የሚነጥቀው ይህንኑ መቀራረብ ነው። የለንደን ጠበቆች ታሪክ ነጠቃውን ከአራት መቶ ዓመታት በላይ በሚራራቁ ሁለት ዘመናት ያሳየናል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በለንደን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የዘለቁ አራት የጠበቆች ማኅበራት አሉ፤ ሊንከንስ ኢን፣ ግሬይስ ኢን፣ ኢነር ቴምፕልና ሚድል ቴምፕል ይባላሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተማሪው ከነባሮቹ ጋር በአንድ አዳራሽ ማዕድ ይቆርስ፣ ከራት በኋላም ለልምምድ በተፈጠረ ክርክር ይሟገት ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ ከነባር አባላቱ አንዱ አንድ ሕግ መርጦ ለቀናት ያነባል፣ ይተረጉማል፤ አድማጮቹም እየተነሡ ይሞግቱታል። በትርጓሜ ጉባኤ ያደገ የአገራችን ሰው ቢያየው እንግዳ አይሆንበትም ነበር፤ መምህሩ ከመካከል፣ ተማሪው ዙሪያውን፣ ቃሉም ከአፍ ወደ ጆሮ ነውና።

በ1592 የኢነር ቴምፕል አንባቢ ሆኖ የተመረጠው ኤድዋርድ ኮክ ነበር። የአርባ ዓመት ጎልማሳ ሲሆን በዚያው ዓመት ከንግሥት ኤልሳቤጥ ከፍተኛ የሕግ ሹመት ተቀብሏል። መሬት በአንዱ ስም ተይዞ ጥቅሙ ለሌላው የሚውልበትን አሠራር በሚገዛው የሄንሪ ስምንተኛ ሕግ ላይ ሰባት ንባብ አዘጋጅቶ ቀረበ፤ 160 ያህል ሰዎችም ተሰብስበው አደመጡት። አምስተኛውን እንደጨረሰ ቸነፈር በከተማዋ በረታ። ስድስተኛውና ሰባተኛው ሳይሰሙ ቀሩ። ኮክ በሰፎክ ወዳለው ቤቱ ሲያቀና ዘጠኝ የማኅበሩ ሽማግሌዎችና አርባ ሌሎች አባላት እስከ ሮምፎርድ ከተማ ድረስ ሸኙት።

አንባቢ ሸኚዎቹን ልብ ይበል። ከቸነፈር የሚሸሽን ሰው ሃምሳ ያህል ሰው ተከትሎት መጓዙ በሽታን ለመከላከል አይበጅም። ያም ሆኖ ሄዱ፤ የተቋረጠባቸው ጉባኤ ምን ያህል እንደሚያሳሳቸው ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም።

ችሎቱ ግን በቸነፈር ጊዜ ይሰደድ ነበር እንጂ አይጠፋም። በ1603 ወደ ዊንቸስተር ሄደ፤ ሰር ዋልተር ራሌ በአገር ክህደት ተከሶ የተፈረደበት እዚያ ነው። በ1625 ወደ ሬዲንግ፣ በለንደን መዝገብ 68,596 ሰዎች በቸነፈር መሞታቸው በተጻፈበት በ1665 ደግሞ ወደ ኦክስፎርድ ተዛወረ። ፍርድ የሚጠብቅ ባለጉዳይ አለና ችሎት በፈረስ ተጭኖም ይሄዳል። የተማሪዎቹን ጉባኤ ግን የጫነው አልነበረም። በ1642 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ንባቡ ተቋረጠ፤ በኋላ ሊያንሰራሩት ቢሞክሩም ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ሞተ። ጥፋቱን ሁሉ በቸነፈር ላይ መጣል አይቻልም፤ አንባቢው የሚደግሰው ድግስ ወጪ ከባድ ነበር፣ የታተመ መጽሐፍም በዝቶ ነበር።

ከእነዚያ መጻሕፍት ዋነኛው የራሱ የኮክ ሥራ መሆኑ ያስደንቃል። በ1628 የታተመው የመሬት ሕግ ሐተታው ለተከታዮቹ ትውልዶች የጀማሪዎች መማሪያ ሆነ። ቶማስ ጀፈርሰን ገና የሕግ ተማሪ ሳለ በ1762 ለጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ የኮክን አሰልቺነት አማሯል። ያን ኮክ አፍ ለአፍ ሲሞግቱ የነበሩት እስከ ሮምፎርድ ሸኝተውት ነበር።

ሁለተኛው ነጠቃ በ2020 መጣ። የእንግሊዝ ጀማሪ ጠበቃ ትምህርቱን ፈጽሞ በአንድ ነባር ጠበቃ ሥር አንድ ዓመት ይለማመዳል፤ የመጀመሪያውን መንፈቅ እየተከተለ ያያል፣ በሁለተኛው ራሱ ይቆማል። በማርች 2020 አገሩ ሲዘጋ በሕዝብ ዳኞች የሚታዩ የወንጀል ችሎቶች ቆሙ፤ ከሁለት ወር በኋላም የተከፈቱት ጥቂቶቹ ናቸው። መከተል ማለት መስኮት በሚያህል ስክሪን ማየት ሆነ። የማኅበራቱ ማዕድም በየቤቱ ኮምፒውተር ፊት ቀረበ። በኦገስት የሙያው ፈተና በኢንተርኔት ሲሰጥ ከካሜራው ዓይን እንዳይርቁ የታዘዙ አንዳንድ ተፈታኞች በጠርሙስ እስከ መሽናት መድረሳቸውን ጋዜጦች ጻፉ። ውሳኔ የሚጠብቁት ከባድ የወንጀል መዝገቦች ከ40,000 ገደማ ተነሥተው በ2021 ወደ 60,000 ደረሱ። ከእያንዳንዱ መዝገብ ጀርባ የሚጠብቅ ተከሳሽ፣ የሚጠብቅ ተበዳይም አለ።

ስክሪኑ ያመጣው ደግ ነገርም አለ። ከለንደን ርቆ የሚኖር ድሃ ተማሪ የባቡር ዋጋ ሳይከፍል ትምህርቱን ሊሰማ ቻለ፤ ኮክ ይህ መሣሪያ ቢኖረው ሰባቱንም ንባብ ይጨርስ ነበር። የጎደለው ከችሎት ሲወጡ በኮሪደር የሚባለው ነው። «ያችን ጥያቄ ለምን ጠየቅህ?» የሚለው ተግሣጽ መርሐ ግብር የለውም፤ ስክሪኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

በእኛም አገር ሙግት በዛፍ ጥላ ሥር ሲካሄድ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሰምቶ ሕግ ይማር ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በከፊል ሲዘጉ ከባለጉዳዩ ሌላ የተዘጋበት ያ ሰሚ ጭምር ነው።

የ1592 ጎዶሎ ሁለት ንባብ ነበር፤ የ2020ው ግን አይቆጠርም። የዚያን ዓመት ጀማሪዎች ዛሬ ራሳቸው ነባር የሚባሉበት ጊዜ ደርሷል። ከኋላቸው የሚመጣው ወጣት በኮሪደር ሲከተላቸው ቆም ብለው ቢያነጋግሩት፣ እነርሱ ሳይሰሙት የቀሩት ንባብ ለእርሱ ይደርሰው ይሆናል።